ቀትር ላይ የሚጠፋው ውኃ

ውኃው የሚጠፋው ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት ነበር። ሰዉን ሁሉ ያስጠረጠረውም ይኸው ነው። በፀሐይ የሚሠራ ሞተር ጠዋት ፀሐይዋ ገና ለስላሳ ሳለች ውኃ እየገፋ፣ ቀትር ላይ የቆቦ ሜዳ ሲንቀለቀል ለምን ይቆማል? ደመና ቢሆን ይገባል። ምሽት ቢሆንም ይገባል። ፀሐይ አናት ላይ ተሰክታ ሳለ የሚቆም ከሆነ ግን አንድ የሚያቆመው እጅ አለ ማለት ነው። የመንደሩ ስሌት ይህ ነበር። መጀመሪያ ላይ የእኔም ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ከጎጃም ደጋ ተመድቤ ቆቦ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። የተከራየሁት ክፍል ከተማው ዳር፣ ወደ ሮቢት ከሚወስደው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ነው። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቆፍጠን ያሉ ሴት ናቸው። ከቤታቸው ወረድ ብሎ ሽንኩርት የሚያለሙበት ማሳ አላቸው፤ የሚያጠጡትም ከጎረቤቶቻቸው ጋር በማኅበር በያዙት የጉድጓድ ውኃ ነው። ውኃውን ከጉድጓዱ የሚያወጣው የሶላር ሞተር ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው፣ ተራ የሚያስጠብቀው፣ የሞተር ቤቱን ቁልፍ የያዘው ደግሞ «የውኃ አባት» የሚሉት ሰው ነበር፤ ሽርጥ የሚያገለድም፣ ቁጥብ፣ ዕድሜው ከአርባ የማይበልጥ ሰው።

ግንቦት ላይ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አከራዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። እግራቸው ጭቃ አልነካውም። ይህ ማለት ማሳቸው ውኃ አላገኘም ማለት ነው።

«ነይ እስኪ ቁጭ በይ» አሉኝ። «ፊዚክስ ማለት የኤሌትሪክ ነገር ነው አይደል?»

«እሱም አለበት፣ እትዬ።»

«እንግዲያ አንድ ነገር እዪልኝ። ያ የውኃ አባት ተብዬ ቀትር ቀትር ሞተሩን እያጠፋ ውኃውን ወደ ነጋዴው ማሳ ያዞረዋል።»

ነጋዴው ከሌላ አገር መጥቶ ከቦዩ ማዶ መሬት የያዘ ሰው ነው። እኔ አይቼው አላውቅም።

«ሲያዞር አይተውት ነው?»

«ሲያዞር አላየሁም። ቆልፎ ሲሄድ ግን አያለሁ። ስድስት ሰዓት አለፍ ሲል ቤቱን ይቆልፍና ለሶላት ይሄዳል፤ ወዲያው ውኃው ይሞታል። ማታ ሊሆን ሲል ደግሞ ይመጣል። የነጋዴውን ሽንኩርት ሂጂና እዪው፣ ክረምት የገባለት ይመስላል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በነጋዴው ባጃጅ ተሳፍሮ ሲመጣ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አይጠይቁትም?»

«ጠየቅሁት እንጂ! ‹እኔም አላወቅሁም እትዬ› ይለኛል። ቁልፉን የያዘ ሰው ካላወቀ ማን ይወቅ? ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሄድኩ። የውኃ አባት ቦዩን በዶማ እየጠረገ ነበር። ሰላምታችንን ጨርሰን የሞተር ቤቱን ማየት እንደምፈልግ ስነግረው ዶማውን መሬት ላይ ተክሎ አየኝ።

«ማን ላከሽ?»

«አከራዬ ናቸው። ውኃው ለምን እንደሚጠፋ እዪልኝ ብለውኝ ነው።»

ሳቀ፤ ግን ሳቁ ዓይኑ ድረስ አልደረሰም። «እንግዲያ ሌባውን ልታዪ ነዋ የመጣሽው።»

«ሌባ አላልኩም፣ አያ።»

«አንቺ አላልሽም። የላከችሽ ብላለች።»

ቢሆንም በሩን ከፈተልኝ። ውስጡ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ላይ አንድ የመቆጣጠሪያ ሳጥን፣ ከጣሪያው የሚወርዱ ሽቦዎች፣ ወደ ጉድጓዱ የሚገባ ወፍራም ገመድ። የሳጥኑን ጽሑፍ ላነሳ ስልኬን ሳወጣ ድምፁ ተለወጠ።

«ስልኩን ወደ ኪስሽ አድርጊው፣ ቲቸር። ዘንድሮ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ለደግ አያነሳም።»

አስገባሁት። እውነትም ጊዜው ሰው ሰውን በጎን የሚያይበት ጊዜ ነበር። እኔ ራሴ በአነጋገሬ ምክንያት «ይቺ ከየት ናት?» የተባልኩባቸው ቀናት ነበሩ። እሱ እኔን ጠረጠረኝ፤ እኔም ፎቶ መከልከሉን ጠረጠርኩ። የሚደብቀው ነገር ባይኖር ሳጥን ቢነሳ ምን ይጎዳዋል?

ወጥቼ ገንዳው ጠርዝ ላይ፣ ትንሽ ጥላ ካለበት ተቀመጥኩ። ውኃው ከቱቦው ክንድ አክሎ ይወርዳል። ስድስት ሰዓት አለፍ ሲል ሰውዬው እንደተባለው በሩን ቆልፎ፣ በገንዳው ውኃ ተጣጥቦ ሄደ። ከቁልቋሉ አጥር ጀርባ ከተሰወረ በኋላ ውኃው መቅጠን ጀመረ። ክንድ ያክል የነበረው ጣት አከለ፤ ጣት ያከለው ክር ሆነ፤ ከዚያ ቱቦው ሁለት ጊዜ አግስቶ ዝም አለ።

አከራዬ እውነታቸውን ነው አልኩ። ግን አንድ ነገር አልጥምሽ አለኝ። ማብሪያ ማጥፊያ የሚጫን ሰው ውኃን በአንዴ ይቆርጠዋል፤ ይህ ውኃ ግን እንደደከመ ሰው ቀስ እያለ ነው የቆመው። ደግሞም በሩ ተቆልፏል። ሰዓት የተሞላበት ነገር ውስጥ አስቀምጦ ይሆን? በቤቱ ዙሪያ ዞርኩ። ከኋላ በኩል የአፈር ቁልል አለ። እሱ ላይ ወጥቼ ከጣሪያው የሚወርድ ሌላ ሽቦ ይኖር እንደሆነ ልፈልግ ጣሪያው ላይ ካሉት የአንዱን የሶላር ሰሌዳ ጠርዝ ያዝኩ። ጮኼ ለቀቅሁት። ጣቶቼ ጫፋቸው ቀላ። ከእሳት የወጣ ብረት የነካሁ ነው የመሰለኝ።

ሰውዬው ሲመለስ ጣቶቼን ገንዳው ውስጥ ነክሬ አገኘኝ።

«ምን ሆንሽ?»

«ሰሌዳው አቃጠለኝ። ድሮም እዚሁ ቆርቆሮው ላይ ነበሩ?»

«አልነበሩም። ሜዳው ላይ በብረት እግር ቆመው ነበር፤ ፍየል በሥራቸው ያልፍ ነበር። ከዋጃ ወዲህ ሶላር እየተነቀለ ተወሰደ ሲባል ማኅበሩ ፈራ። ጥቅምት ላይ አወረድናቸውና ማንም እንዳይነቅላቸው ቆርቆሮው ላይ ጥርቅም አድርገን ቸነከርናቸው። ስናወርድ አንዱ ተሰነጠቀ፤ እሱ ቀርቶ ነው የገጠምነው።»

ይህን ሲነግረኝ ገና አልገባኝም ነበር። እንዲያውም ስለ ተሰነጠቀው ሰሌዳ ሲያወራ፣ ምናልባት ለነጋዴው ሰጥቶት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ጥርጣሬ አንዴ ከገባ የሚሰማውን ሁሉ ለራሱ ቀለብ ያደርገዋል። ከዚያ ስወጣ በቦዩ ማዶ ሄጄ የነጋዴውን ማሳ አየሁ። የራሱ ጉድጓድ አለው፤ አፉ ላይ የናፍጣ ሞተር ጭስ እያወጣ ይንደቀደቃል። ለአከራዬ ነገርኳቸው።

«ናፍጣው ለማስመሰል ነው» አሉኝ ቆጣ ብለው። «ሰው እንዲሰማው ነው እንጂ የሚያስጮኸው ውኃው የእኛ ነው።»

እንዲህ ከተባለ ምን ማስረጃ ይበቃል?

ነገሩ የገባኝ ሰኞ ዕለት ክፍል ውስጥ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼን ስለ ሴሚኮንዳክተር እያስተማርኩ ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለት አግድም መስመሮች አሰመርኩ። ታችኛው፣ ኤሌክትሮኖች ከአተሞቻቸው ጋር ታስረው የሚቀመጡበት ነው፤ ላይኛው፣ ተፈትተው የሚሄዱበት። በሁለቱ መካከል ያለው ባዶ ቦታ የኃይል ክፍተት ይባላል።

«እዚህ ባዶው ላይ የሚቆም ኤሌክትሮን የለም» አልኳቸው። «የጎሊና ወንዝ ሲሞላ አስቡት። ወይ ወዲህ ማዶ ነህ ወይ ወዲያ ማዶ፤ መሃሉ ላይ ትንሽ ልረፍ ማለት የለም። በብረት ውስጥ ክፍተቱ የለም፤ ማንም እንደልቡ ይሄዳል። በመስታወት ውስጥ እጅግ ሰፊ ነው፤ ማንም አይሻገርም። ሶላር የሚሠራበት ሲሊከን ግን ክፍተቱ መካከለኛ ነው። የፀሐይ ብርሃን ሲመታው ኤሌክትሮኑ አቅም አግኝቶ ይዘላል። ኤሌትሪክ የምንለው የዚያን ዝላይ ጉልበት ነው።»

ከዚያ ማስታወሻ ብዬ ጻፍኩ፦ ሙቀት ሲጨምር ክፍተቱ ይጠባል።

ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ከጠበበማ ጥሩ አይደል ቲቸር? መሻገሩ ይቀላል።»

«መሻገሩ ይቀላል» አልኩ፤ «ግን የተዘለለው ከፍታ ሲያንስ የሚገፋበት ጉልበትም ያንሳል። ሌላም አለ፤ በጣም ሲሞቅ ያለ ብርሃን፣ በሙቀቱ ብቻ ወዲያና ወዲህ የሚረግጡ ይበዙና የተሠራውን ያፈርሱታል። ስለዚህ ቮልቴጁ ይወርዳል። ሶላር ብርሃን ይወዳል እንጂ ሙቀት...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረስኩትም። ጠመኔ የያዙት ጣቶቼ ገና ያቃጥሉኝ ነበር። ጥቅምት ላይ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ሰሌዳዎቹ ቆርቆሮ ላይ ሲለጠፉ ማንም ለውጥ አላየም። አሁን ግንቦት ነው። ከላይ ፀሐይ፣ ከሥር የጋለ ቆርቆሮ፣ በመካከል ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። አንዱ ሰሌዳ ጎድሎ ጉልበቱ ድሮም አንሷል። ቀትር ላይ ሁሉም ሲግሉ የቀረው ጉልበት ሞተሩን ለማዞር አይበቃም፤ ማታ ሊሆን ሲል ሲቀዘቅዙ ይመለሳል። ሰውዬው በዚያ ሰዓት ለሶላት መሄዱ ግጥምጥሞሽ ነው።

ወይም እንደዚያ መሰለኝ። እርግጠኛ አልነበርኩም። መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር ነው፤ የዚያን ያህል ይወርዳል ወይ? እኔም በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

ቤት ስደርስ ማኅበሩ በማግስቱ ማለዳ ሊቀመጥ መሆኑን ሰማሁ። አከራዬ «አውጫጭኝ ነው» አሉኝ፤ እንደ ድሮው ሁሉም ተሰብስቦ ያየውን የሰማውን እያወጣ ጥፋተኛው እስኪለይ የሚቀመጡት መቀመጥ። ከርእሰ መምህሩ ፈቃድ ጠይቄ አብሬያቸው ሄድኩ።

ገንዳው ዙሪያ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተደባልቆ ተቀምጧል። መሃል ላይ ጢማቸው የነጣ፣ ሁሉም «አባባ» የሚሏቸው ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈዋል። የውኃ አባት ለብቻው ድንጋይ ላይ ነው፤ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው የለም። አንዱ ባጃጁን አነሳ፤ ሌላው ቁልፉን። አንድ ጎልማሳ «ሶላት እያለ ነው የሚሸፍነው» ሲል ሽማግሌው ቀና አሉ።

«ሶላቱን ተወው። ውኃውን ተናገር።»

በመጨረሻ ይማል ተባለ። የውኃ አባት ተነሳ።

«ውኃ ሰርቄ ከሆነ አላህ ይየኝ። ባጃጁ ላይ የወጣሁት ልጄ ታማ መድኃኒት ልገዛ ስሮጥ ነው፤ ሌላ ባጃጅ ቢያልፍ በሌላ እወጣ ነበር። ከዚህ በላይ ግን አልምልም። ዛሬ ለውኃ ካስማላችሁኝ ነገ ለጥላዬ ታስምሉኛላችሁ።»

ጉርምርምታ ተነሳ። አልምልም ማለቱ ከሁሉም የባሰ ሆነበት። አከራዬ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «አየሽ?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የተነሳሁት። «አባባ፣ ይፍቀዱልኝ። ቀትር እስኪሆን ማንም ሰው ከዚህ አይሂድ። በሩ ይከፈት። እሱም እዚሁ መካከላችን ይቀመጥ። ውኃው ዛሬም ከጠፋ ያጠፋው እሱ አይደለም።»

«አንቺ ምን አገባሽ?» አለ ያ ጎልማሳ።

«እኔ ነኝ ያመጣኋት!» አሉ አከራዬ። ባይወዱትም እንግዳቸው ስትናቅ አላስቻላቸውም።

ሽማግሌው ፈቀዱ። ተቀመጥን። ፀሐይዋ ወጣች፣ ሴቶች ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጣሉ፤ ወንዶች እንደ ጥላው ቦታ እየለወጡ ተቀመጡ። ውኃው ይወርዳል። የውኃ አባት እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ ዘርግቶ እንደተቀመጠ ነው። ሁሉም የሚያየው እጆቹን ነበር። ቀትር ሆነ፤ ውኃው እንደጠዋቱ ይወርዳል። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ፤ ሲጠበቅ የማይጠፋ ውኃ፣ ሳይጠበቅ ግን የሚጠፋ! እኔም በሆዴ ተሸነፍኩ እያልኩ ሳለ ውኃው ቀጠነ። ጣት አከለ። ክር ሆነ። ቆመ።

ሁለት ሰዎች ተነስተው ሞተር ቤቱን ውስጡን ፈተሹ። ባዶ ነው።

«ነፋስ የማያገኝ ሶላር ሲግል ጉልበቱ ይወርዳል» አልኩ። «አሁን ሰሌዳዎቹን እናቀዝቅዛቸው። መስታወቱ እንዳይሰነጠቅ መጀመሪያ ጥቂት ጥቂት ይርከፍከፍ።»

«ኤሌትሪክ ላይ ውኃ? ሰው ልታስገድል ነው!» አለ አንዱ።

እጠብቀው ነበር፤ ማጥፊያውን አጥፍቼ ጀመርን። አከራዬ የመጀመሪያውን ጀሪካን ራሳቸው ሞልተው ሰጡ። አንድ ገበሬ መሰላል ላይ ወጥቶ ረጨ። ውኃው ሰሌዳው ላይ ሲያርፍ እየጨሰ ደረቀ። ደግሞ ረጨ። ከዚያ ጀሪካን በጀሪካን ላይ። ሰሌዳዎቹ ለብ እስኪሉ ድረስ አፈሰስን። ገበሬው ወረደ፤ ማጥፊያውን መለስኩት።

ምንም የለም። አከራዬ ክንዴን ጨበጡኝ።

ቱቦው አገሳ። አየር ተፋ፤ ከዚያ ውኃ ተፋ፤ ከዚያ ክንድ አክሎ መውረድ ጀመረ።

እልልታ ጠብቄ ነበር። አልመጣም። ያ ጎልማሳ ቀዝቀዝ ብሎ፣ «ከቲቸሯ ጋር ተነጋግረው ነው። ማጥፊያውን የያዘችው እሷ ናት» አለ። ትክክል ነበር፤ ማጥፊያው አጠገብ የቆምኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሰሌዳው ዳግም እስኪግል ጠበቅን። ውኃው ሲቆም እኔና የውኃ አባት ከሽማግሌው ጋር ርቀን ተቀመጥን፣ ጎልማሳው ራሱ አጠፋ፣ ራሱ ረጨ፣ ራሱ አበራ። ውኃው በእሱም እጅ መጣ። እርጥብ ልብሱን እየጨመቀ፣ ማንንም ሳያይ ሄደ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሽማግሌው። «ሌባ ፈርተን አወረድነው፤ ራሳችን ላይ ሌባ አመጣን።»

በዚያው ሳምንት ሰሌዳዎቹን ከቆርቆሮው ነቅለው፣ በአጣና ከፍ አድርገው ነፋስ በሥራቸው እንዲያልፍ አሰሯቸው። ቀትር ላይ ውኃው ከጠዋቱ ቢያንስም አይቆምም። የአከራዬ ሽንኩርት ቀና አለ።

የውኃ አባት ግን ያኔውኑ ቁልፉን ሽማግሌው እግር ሥር አስቀምጦ ሄዷል። ቤቱ ድረስ ሽማግሌ ተላከ። አከራዬም ሄደው ይቅርታ ጠየቁት። «ይቅር ብያለሁ እትዬ፤ ቁልፉን ግን አልይዝም» አላቸው። በእሱ ቦታ የአከራዬ ወንድም ተመረጠ። ክረምቱ ሳይገባ አከራዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ትናንት ውኃው ዘገየ። እሱስ ታማኝ ይመስልሻል?» አሉኝ። ወንድማቸውን ነው።

የውኃ አባትን አንድ ጊዜ ብቻ አገኘሁት፤ ወደ አላማጣ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን። ዋጃ አካባቢ የአጎቱን ልጅ ማሳ እያረሰ ነው። ልጁ ድናለች። ትንሽ ከሄድን በኋላ ወደ እኔ ዞረ።

«ያን ቀን ውኃው እንደሚመጣ ታውቂ ነበር?»

«እርግጠኛ አልነበርኩም።»

«ባይመጣስ?»

«አላውቅም፣ አያ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ደግሞ አንቺ ስትነሺ ጨረሰችኝ ብዬ ነበር። እነሱ የላኩሽ መስሎኝ። አሁንም አንዳንዴ፣ ይቺ ልጅ ምን ፈልጋ ነው እላለሁ።»

«ምንም አልፈለግሁም።»

«ይሆናል» አለ።

ዋጃ ስንደርስ ረዳቱን «ወራጅ አለ» ብሎ ወረደ። ደህና ሁኚ አለኝ በእጁ፣ በትህትና። ከዚያ ሽርጡን አጠባብቆ አስፋልቱን ተሻገረና ወደ ማሽላው መሃል ገባ።